ስምንት ቀን ሳይፈታ

ጌታነህ ከብስክሌት ያልወደቀበት ዘመን የለም። በልጅነቱ ወድቋል፣ በጎረምሳነቱ ወድቋል፣ ሚስት አግብቶም ወድቋል። ንፋስ መውጫ ከተማ የሚያውቁት ሁሉ «መምህር፣ ዛሬስ በሰላም ገባህ?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። ያን ጊዜ መሳቅ ይችል ነበር።

መጀመሪያ የወደቀው በዐሥር ዓመቱ ነው። አባቱን ተከትሎ ከአርብ ገበያ ወዲያ ካለው ገጠር ንፋስ መውጫ መጥቶ፣ ሜዳው ላይ በዙር ከሚከራዩት ብስክሌቶች አንዷ ላይ ወጣ። እግሩ ፔዳሉ ላይ በወጉ አይደርስ፣ ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅ! ቁልቁል ይዛው ነጎደችና ድንጋይ ላይ ዘረጋችው፤ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። አባቱ በበቅሎ ጭነው ወጌሻው አያ መንግሥቴ ዘንድ ወሰዱት። አያ መንግሥቴ አጥንቱን ስበው ገጠሙ፤ ዙሪያውን ሸምበቆ ደርድረው በጨርቅ ጥፍር አድርገው አሰሩት።

«ስምንት ቀን እንዳይፈታ!» አሉ። «ከተፈታ አጥንቱ ይሸሻል።»

አባቱም ቤት እንደገቡ «ይችን ጨርቅ የነካ ከእኔ ጋር ይተያያል» ብለው አስጠነቀቁ። በስምንተኛው ቀን አያ መንግሥቴ ፈትተው አዩት፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ክንዱ እንደ ድሮው ቀጥ አለ። ጌታነህ ከዚያ ወዲህ በአያ መንግሥቴ እጅ የሚምል ሰው ሆነ።

ባሕር ዳር ሲማር ደግሞ እዚያው በገዛት ብስክሌት ከባጃጅ ጋር ተላትሞ የፊት ጥርሱን አጣ። በተጋቡ በወሩ ሚስቱን የትናየትን ከኋላ ጭኖ ሲከንፍ ቦይ ውስጥ ይዟት ገባ። አዲሱ ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ «ሁለተኛ ካንተ ጋር ብሳፈር እኔ ሰው አይደለሁም!» ብላ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እሱም ወድቆ የማይነሣ ሰው ያለ አይመስለውም ነበር። አይ ጌታነህ!

ልጁ ቃልኪዳን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ያለችውም እሷው ብቻ ናት። ያችው ከባሕር ዳር ያመጣት ብስክሌት የግራ ፍሬኗ ከተበጠሰ ዓመት አልፎታል። የትናየት በጠየቀችው ቁጥር «ነገ አሠራዋለሁ» ይላል። ልጅቱን ሲያስተምራት ታዲያ «በቀኝሽ ጨብጪ! ፍሬኑ ያለው በቀኝ ነው!» እያለ ነበር። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደግፎ የያዘውን ኮርቻ ለቀቀላት። ገብስ የጫነች አህያ ከፊቷ ድንገት ብቅ አለች። ቃልኪዳን እንደተማረችው በቀኟ ባለ በሌለ ኃይሏ ጨበጠች። የቀኙ ፍሬን የሚይዘው የፊቱን ጎማ ብቻ ነበርና ብስክሌቷ በፊት ጎማዋ ተተክላ ልጅቱን ወረወረቻት፤ ቀኝ ክንዷ ከሥሯ ገባ።

«ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አለች የትናየት። «ፎቶ ትነሣ።»

«ለስብራት ሐኪም ምን ያውቃል? ይኸን እይ!» ብሎ ቀኝ ክንዱን ዘረጋላት።

አያ መንግሥቴ አሁን አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ቢሆንም አሰሩላት። «ስምንት ቀን» አሉ፣ እንደ ጥንቱ።

በማግሥቱ ጣቶቿ አበጡ። ማክሰኞ ጠዋት ልጅቱ ስታለቅስ ቆይታ ድምጿ ሲዘጋ፣ የትናየት መቀስ ይዛ መጣች።

«ጣቷ በረዶ ሆኗል፣ ጌታነህ! ትንሽ ላላላት። ትንሽ ብቻ።»

«አጥንቱ ይሸሻል ተብለሻል! ልጄን ቆልማማ ልታደርጊያት ነው?» ብሎ መቀሱን ከእጇ ነጠቀ። ኮቱ ኪስ ከቶት ትምህርት ቤት ሄደ፤ ሲያስተምርም ዋለ።

ረቡዕ ቃልኪዳን ማልቀሷን አቆመች። ጌታነህ ደስ ብሎት ብርቱካን ገዝቶ ገባ። «አየሽ? ተሻላት» አላት ሚስቱን። እሷም ልቧ ያየውን እያየ ዝም አለች፤ ይኸ ዝምታዋ ኋላ ሲያንገበግባት ይኖራል።

ሐሙስ እናቱ እማማ ማንአለሽ የልጅ ልጃቸውን መውደቅ ሰምተው ከገጠር መጡ። ገና ከደፍ ሲገቡ ሽታው አስቆማቸው። ነጠላውን ከልጅቱ ላይ ገለጡና ጣቶቿን አዩ።

«ማን ነው የሚያላላላት?»

«ማንም አልነካውም፣ እማየ። እንደ እኔው፣ ስምንት ቀን ሳይፈታ...»

«እንደ አንተ?» እማማ ማንአለሽ ደረታቸውን ያዙ። «የአንተንማ እኔ አልነበርሁም በየቀኑ የማላላው! አባትህ ከብት ሊያስገባ ሲወጣ እፈታዋለሁ፣ ጣትህ እስኪሞቅ አሽልሃለሁ፣ ሳይመጣ መልሼ እጠቀልለዋለሁ። አንተ ትኩሳቱ ጥሎህ የት ታውቃለህ!»

«ለምን ሳትነግሪኝ?»

«አባትህን ፈርቼ ነዋ! ከዳንህ ወዲያማ ማን ጠየቀኝ?»

ጌታነህ እጁን ኪሱ ሰደደ። መቀሱ እዚያው ነበር። ጨርቁን ቆረጠው፤ ሸምበቆው ሲነሣ ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ ጠቁሯል። ቃልኪዳን ሲነካት አላመማትም።

ሆስፒታል ያገኙት ወጣት ሐኪም አልጮኸባቸውም። «ካልቆረጥነው እሷንም ታጧታላችሁ» አለና ወረቀቱን አቀረበ። ጌታነህ በዚያው ቀጥ ባለው ቀኝ እጁ ፈረመ። እንዲህ ያለ እጅ ምን ያደርግልኛል ብሎ አሰበ፤ የእኔን ወስደው የእሷን በመለሱልኝ ብሎ ተመኘ። ግን ማን ይሰማዋል! የትናየት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ብትሰድበው፣ ብትመታው በወደደ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቃልኪዳን ትኩሳቷ በረድ አለላትና ዓይኗን ከፈተች። የተጠቀለለውን ትከሻዋን አየች፤ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባየ፣ ብስክሌቷ ተሰበረች?»

«አልተሰበረችም፣ ዓለሜ።»

«እንግዲያ ፍሬኗን ወደ ግራ ታዞርልኛለህ?»

ጌታነህ ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳበላት።

«ነገ ያሠራዋል» አለች የትናየት ከአልጋው ወዲያ ማዶ። መቀሱን ከነጠቃት ወዲህ ስለ እሱ የተናገረችው ይኸንኑ ብቻ ነው።