ባለመስመሯ ከረሜላ

ብረት ገዢው የከረሜላ ማሽኑን ሊወስድ ጋሪውን በራችን ላይ ባቆመበት ጠዋት፣ ወንድሜ ከዓመት በላይ ከተኛበት አልጋ ተነሥቶ በባዶ እግሩ ወጣና «ይሄ ማሽን አይሸጥም» አለ።

እኔ ሻንጣዬን ጨርሼ ነበር። ልጄ ያለችው ሌላ ከተማ ነው። ሁለት ሕፃናት አሏት፣ ባሏ ሾፌር ነው፣ እሷ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። «እማ፣ ክፍልሽ ተቀብቶ አልቋል፤ ከእንግዲህ ድስት አታማስይም፣ ነይልኝ» ስትለኝ ከርማለች። ማሽኑን አስረክቤ፣ የቤቱን ቁልፍ ለወንድሜ ሰጥቼ፣ ጨርቄን ማቄን ሳልል ልሄድ ነው። ደክሞኛላ። ሌላው ሰው ደከመኝ ሲል ትንሽ አረፍ ብሎ ይነሣል፤ የእኔው ግን አጥንት ውስጥ የገባ ስለሆነ ተኝቼም አይለቀኝም።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አልኩት።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ይሄን እይ» ብሎ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን ከቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ከረሜላ ይሠራ ነበር። ብርቱካኑም ሎሚውም ነበረው፤ ስሟ የወጣው ግን ነጭ ሆና በጎኗ አንድ ቀይ መስመር ያላት፣ የናና ጣዕም ያላት ከረሜላ ነበረች። ሰው ሁሉ ባለመስመሯ ይላታል። ድስቱ የእኔ ነበር፣ ለየሱቁ ማድረሱ የአባባና የወንድሜ። አባባ ሲሞት የቤቱ ኃላፊነት ሁሉ እኔው ላይ ወደቀ፣ ሱቅ ለሱቅ መዞሩ ለወንድሜ ቀረ፤ ከድስቱ ፊት ሳልነሣ ሠላሳ ዓመት ሄደ። በኋላ ባለሱቆቹ አንድ በአንድ «አሁን ይቆየን» ማለት ጀመሩ። የሚያብረቀርቀው የፋብሪካ ከረሜላ መጥቶ ነው ብዬ ድስቴን ደፋሁ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አላዘንኩም።

ወንድሜ ደግሞ የሱቅ ስም፣ የጋራዥ ማስታወቂያ፣ የክሊኒክ ቀስት በእጁ የሚጽፍ ሰው ነበር። ሰፈሩ ብሩሽ ነው የሚለው፤ እናታችን ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ያ በላስቲክ ላይ የሚያትም ማሽን መጣና ብሩሽን ከነብሩሹ ቤት አስገባው። ሚስቱ ከዚያ በፊት ሄዳለች። የወሰዳት ሞት አይደለም፣ መሰልቸት ነው። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ምግብ ሳስገባለት «አስቀምጪው» ይላል፣ ላነሣ ስመለስ ግማሹ እንዳለ ነው። ሐኪሙም «ያዋሩት፣ አይተዉት» አለኝ። ከግድግዳ ጋር ምን ይወራል?

ስልኩ ላይ ያሳየኝ የባለመስመሯን ባዶ መጠቅለያ ወረቀት ነው። የሆነ ሰው ከድሮ መጽሐፍ መሐል አግኝቶት ፎቶ አንሥቶ ለጥፎታል። ከሥሩ ሕዝቡ ጉድ ያፈላል። «ወይኔ ልጅነቴ» ይላል አንዱ። «ይህቺን ከረሜላ ያመጣልኝ ሰው ነፍሱ ይማር» ትላለች ሌላዋ፤ ይባረክ ለማለት ፈልጋ መሰለኝ። አንዱማ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ክራባት አስሮ ፎቶ የተነሣ፣ አይቼ አለቀስኩ ይላል። በከረሜላ!

«የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» አልኩት። «በሕይወት እያለች ማን ዞሮ አያት?»

«ሰው እየጠየቀ ነው እኮ እትዬ። አንድ ወር ብቻ። አንድ ወር እንሞክር፤ ካልሆነ እኔው ራሴ ጋሪ ላይ እጭነዋለሁ።»

የስልኩ ወሬ ጆሮዬ አልገባም። ያየሁት እሱ መቆሙን ነው። ጺሙ አድጎ፣ ፒጃማው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ፣ ግን ቆሟል፣ ዓይኑ ውስጥም ነገር አለ። አንጀቴን በላው። ብረት ገዢውን ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁት፤ ሰውየው ባዶ ጋሪውን እየገፋ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሲያጉረመርም ይሰማኝ ነበር።

ለልጄ ደወልኩ። «የማሽኑ ጉዳይ አልተቋጨም፣ አንድ ወር ያህል ያቆየኛል» አልኳት።

«እሱ ነው አይደል?» አለች።

«ተነሣኮ፣ ልጄ። ተላጨ።»

ከኋላዋ ትንሹ ልጅ ሲያለቅስ ይሰማል። «እማ፣ አንቺስ መቼ ነው ተራሽ የሚደርሰው?» አለችኝ። «ልጁን አባብዪው» ብዬ ዘጋሁት።

ሥራውን ጀመርን። ስኳርና ግሉኮስ በመዳቡ ድስት ይፈላል። ጠብታው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ገብቶ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ከዚያ ዘይት በተቀባ እብነ በረድ ላይ ይገለበጥና ናናው ይጨመርበታል፤ ገና እጅ እያቃጠለ ይታጠፋል፣ ደግሞ ይታጠፋል። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ባለው ሜንጦ ተሰቅሎ ይጎተታል። እንደ መስታወት የነበረው ሲጎተት ነው ነጭ የሚሆነው። ቀዩ ለብቻው ተቀልሞ በጎኑ ይለጠፋል፤ ተስቦ ይቀጥንና በማሽኑ ይቆረጣል፤ ሲበርድ በወረቀት ተጠቅልሎ ሁለት ጫፉ ይጠመዘዛል። አባባ ያስተማረኝ ይኸው ነው፣ አንድም ነገር አልለወጥኩም።

መጎተቱን ለብሩሽ ሰጠሁት። ክንዱ ሟሙቶ ሟሙቶ የልጅ ክንድ አክሏል። መጀመሪያ ቀን ሁለቴ ጎትቶ ግድግዳውን ተደገፈ። «ይሄን ነው ስትጎትቺ የኖርሽው?» አለኝ።

«አይ፣ አንዳንዴ እሱም እኔን ይጎትተኛል።»

ሳቀ። የወንድሜን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ፣ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ፣ ማታ እግሬን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ እየተቀመጥኩ፣ ይሁን፣ ይሳቅልኝ እል ነበር። ቆርቆሮ ፈልጎ በድሮው እጁ «ባለመስመሯ ተመለሰች» ብሎ ጻፈ። ፊደሉ ያምር ነበር፣ መቼም እውነት ይነገር።

ከዚያ ሰው መጣ። የጠየቀው ሕዝብ እውነትም መጣ፤ ግን አመጣጡን ማየት ነው። ወረቀቱን ያሸታሉ፤ «ወይ ጊዜ!» ይላሉ፤ ቆርቆሮው ሥር ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። አንዲት ሴትዮ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አባቷን አስታውሷት ነው። አቅፌ አባበልኳት። እንባዋን ጠራርጋ ስትጨርስ «እስቲ አንድ ስጪኝ፣ ለትዝታ» አለች። አንድ! አብሯት የነበረው ልጇ ልሶ «የጥርስ ሳሙና» ብሎ መዳፏ ላይ ተፋው።

ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው መጠጡና «ጥሩ ነው፣ የድሮው ግን አይደለም» አሉ።

«ስኳሩ ያው፣ ናናው ያው፣ ድስቱ ያው፣ ሠሪዋም እኔው ነኝ» አልኳቸው። «የተለወጠው የእርስዎ ጥርስ ነው።»

አልሳቁም። «አንድ ነገር ጎድሎታል፣ ልጄ» ብለው ሄዱ። ከእሳቸው በኋላም የመጣው ሁሉ ያንኑ አለ። የድሮው አይደለም፣ የድሮው አይደለም። ማታ ማታ ብቻዬን እቀምሰዋለሁ፤ ያው ነው። የራሴን ምላስ እስክጠራጠር ድረስ አደረሱኝ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል የማዕዘኑ ባለሱቅ አስጠሩኝ። የአባባ የመጀመሪያ ደንበኛ ናቸው፤ አርጅተዋል፣ ሱቁን ልጃቸው ነው የሚይዘው፣ እሳቸው በር ላይ ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ። ሥራ ስንጀምር ያደረስንላቸው የከረሜላ ካርቶን እግራቸው ሥር አለ። አልጎደለም ማለት ይቻላል።

«ውሰጂው ልጄ፣ አቧራ እንዳይጠጣብሽ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ይንገሩኝ፤ ምኑ ነው የተለወጠው? ድሮ በጆንያ አልነበር የሚወስዱት?»

«እወስድ ነበር» አሉ። «ግን ማን ገዝቶት ያውቃል?»

አልገባኝም። «እንዴት?» አልኳቸው።

«አባትሽ አልነገረሽም? ይቺ ከረሜላ እኮ የመልስ ነበረች። ሰው ሳሙና ገዝቶ፣ ሳንቲም ሲጠፋ፣ በመልሱ ፈንታ ሁለት ባለመስመር እሰጠዋለሁ። ሁሉም ባለሱቅ እንደዚያው ነበር። ልጆች ተልከው ሲመጡ ለእነሱ ትደርሳለች፤ መንገድ ላይ በልተው ይገባሉ። አንዳንዷ እናትማ ሳንቲሜን አምጣ ብላ ትጣላኝ ነበር።» ሳቅ አሉ። «አሁን ሰው በስልኩ ነው የሚከፍለው። መልስ የሚባል ነገር ቀረ። ምን ላርግበት ይኼን?»

ልጃቸው ከውስጥ ወጥቶ ካርቶኑን አሸከመኝ። ከባድ አልነበረም፤ መንገዱ ግን አልገፋ አለኝ። ሰው የሚወደውን ነገር የምሠራ መስሎኝ ነበራ። እጄ ሲቃጠል፣ የዘመድ ሠርግ ሲያመልጠኝ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ስትታመም እንኳ ድስቱ እሳት ላይ ነው ብዬ ስዘገይ፣ ልጆች ይጠብቁታል እያልኩ ነው ራሴን ያጽናናሁት። ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳንቲም ኖሯል የሠራሁት። ያ ሁሉ ሰው የጎደለበት ጣዕምም ገባኝ። ሳይከፍሉ ያገኙትን፣ ከእናታቸው ደብቀው የበሉትን ነገር እኔ ዋጋ ለጥፌ አቀረብኩላቸው።

ቤት ስገባ ብሩሽ እብነ በረዱን ዘይት ይቀባል። ካርቶኑን ፊቱ ዘረገፍኩትና ባለሱቁ ያሉኝን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። እንዳይሰበርብኝ ፈርቼ ነበር፤ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይዞራል ብዬ ነበር። እሱ ግን ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«የመልስ መሆኗን። ከአባባ ጋር የማደርሰው እኔ አልነበርኩ? ባለሱቆቹ ሲሰጡ አያለሁ። አንቺ ደስ ብሎሽ ስለምትሠሪ ነው አባባ አትንገራት ያለኝ።»

ድስቱ አጠገብ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ንዴት ነው። አንድ ወር ሙሉ! በዚህ ወገብ፣ በዚህ እግር! «ታዲያ ምን ቆርጦህ ነው እንደገና እሳት ፊት ያቆምከኝ? አበድክ? ብረት ገዢውን ያባረርከው ለምንድን ነው?»

ወደ እኔ አላየም። ወለሉ ላይ የተበተኑትን ከረሜላዎች ጎንበስ ብሎ መልቀም ያዘ። «ሻንጣሽን አየሁት» አለ። «ሌሊቱን አልተኛሁም። ምን ባደርግ ትቆያለች እያልኩ ስልኩን ስነካካ ያ ወረቀት መጣ።»

«አንተ ልጅ፣ ቅሪ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ብልሽ ትቀሪያለሽ» አለኝ። «ለዚህ ነው ያላልኩሽ።»

እውነቱን ነው። አንድ ቃል ብቻ ቢለኝ ሻንጣዬን ፈትቼ፣ ልጄን አስቀይሜ፣ እድሜ ልኬን እዚያው ድስት ፊት እሆን ነበር። እሱም ይህንኑ ያውቃል። ያቺን ቃል ላለማውጣት ነው ያን ሁሉ ስኳር የጎተተው። አለቀስኩ፣ አይደበቅም። እሱ አጠገቤ ቁጢጥ አለ፤ እጁ ገና ዘይት ነበር፣ ትከሻዬን ሊነካ ፈልጎ ልብሴን እንዳያቆሽሽ ተወው።

በማግስቱ ብረት ገዢውን ራሱ ሄዶ አመጣው። ማሽኑን ሁለት ሆነው ጫኑት፣ ድስቱንም ጨመረለት። ክፍሏን ጠረጋት። ቁርስ አብረን በላን፤ ሰሐኑን ጨረሰ፣ ለእኔ ብሎ እንደሆነ ያስታውቃል። ጋዙ እንዳያልቅብህ፣ የቧንቧዋን ሰው ጥራ፣ መስኮት ክፈት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ስለው «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» ይላል።

ሻንጣዬን በር ድረስ ያዘልኝ። ከዚያ ሰጠኝ። ከደጃፉ ላይ ቆምኩ፤ ጫማዬን እንደማስተካክል ሆንኩ፣ ነጠላዬን መልሼ ለበስኩ፣ ቦርሳዬን ከፍቼ ዘጋሁ። «ቅሪ» እንዳይለኝ እየፈራሁ እንዲለኝ ጠበቅኩ። እሱ ጥርሱን ነክሶ መንገዱን ያያል።

አላለም። ሄድኩ።