የላክሚት ተራራ የቱ ነው?

ላክሚት ኮረሪማ ስትለቅም ወድቃ ከሞተች ሦስት ቀን ሆኗታል፤ ነፍሷ ግን ገና ከደጅ አልተነቃነቀችም። ይህን ያሉት እማማ ቾንግሚት ናቸው። በመንደሩ ሙታንን ወደየተራራቸው የሚሸኙት፣ ሙን የሚባሉት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ እሳቸው ቆማለች ካሉ ቆማለች ነው፤ የሚከራከር የለም።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለች?» አለች ኑርኪት፣ የሟቿ አንድያ ልጅ።

«መንገድ ነዋ! የእናትሽ ተራራ የቱ ነው?»

ኑርኪት አታውቀውም። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ኖራ ይህን አለማወቋ አሳፈራት። እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ተራራ አለው፤ ሰው ሲሞት እዚያ ካሉት አያቶቹ ዘንድ ይገባል። ወንዱ በአባቱ በኩል ይሄዳል፣ ሴቷ በእናቷ። የአባቷንማ ሕፃንም ያውቀዋል፤ ሰማዩ ሲጠራ ከጓሮው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ይታያል። እናቷ ግን በናዳው ዓመት የተገኘች ልጅ ናት። ዝናቡ አሥራ አንድ ቀን ሳያባራ ዘንቦ ሸለቆው ሁሉ በየቦታው የተናደ ጊዜ፣ አንዲት መበለት ከወንዝ ዳር አገኘኋት ብላ አዝላ አመጣቻት። ያኔ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ከየት መጣሽ ሲሏት ታለቅስ ነበር አሉ። ካደገች በኋላ ደግሞ ሲጠይቋት ትስቃለች። «ጊዜው ሲደርስ እነግርሻለሁ» ትላት ነበር ኑርኪትን። ይኸው ጊዜው ደረሰ፣ ነጋሪዋ የለችም።

መንገድ ያልተነገራት ነፍስ ትባዝናለች። የባዘነች ነፍስ ደግሞ ትከፋና የገዛ ልጆቿን ታሳምማለች። በዚያ ላይ የእናቷ ተራራ ካልታወቀ ኑርኪትም ነገ የምትገባበት የላትም፤ ሴት ልጇም፣ የልጇም ሴት ልጅ እንዲሁ። 

«ከወንድሜ ጋር ትግባ፣ በቃ!» አሉ አጎት ሎደን። የሟች አባቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። የዳጉሳ ጠላ የሞላውን የቀርከሃ ዋንጫ እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። «ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው አሁን ምን ይለያያቸዋል?»

«አንተ ደግሞ!» አሉ እማማ ቾንግሚት። «ሴት በባሏ ተራራ እንግዳ ናት። አያቶችህ ‹ማነሽ› ቢሏት ምን ትበል? ‹ወጥ ሠሪያችሁ ነኝ›?»

ጎረቤቷ ዚምኪት ጣልቃ ገባች። «የሐይቁ ጎሳ ናት። ዓሣ አትበላም ነበር እኮ!»

«ዓሣ የማትበላው አንዴ እሾሁ ስላነቃት ነው» አለች ኑርኪት።

«እንግዲህ እኔ የመሰለኝን ነው ያልኩት።»

«የምሥራቁ ጎሳ ናት» አሉ አጎት ሎደን፤ በአንድ ጉንጭ ጠላ ሐሳባቸውን ለውጠዋል። «ግትርነቷን አላያችሁም?»

«በግትርነት ከሆነማ አንተም የምሥራቅ ነህ!» አሉ እማማ።

ተሳቀ። ኑርኪትም ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ፤ ከዚያ በየትኛው ተራራ ስም እንደምታለቅስላት ጠፋት። ዚምኪት ስትናገር ሐይቁን ታምናለች፣ አጎቷ ሲናገሩ ምሥራቁን ታምናለች። ለሰው ሁሉ እሺ ማለት ድሮም አመሏ ነው፤ የእናትን አገር ለመፈለግ ግን እሺታ አያዋጣም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ እማማ። «ጠላ ስትጠጣ የመጀመሪያዋን ጠብታ ወዴት ነበር የምትረጨው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ማንም ሰው ከመጠጣቱ በፊት ለተራራው በጣቱ ይረጫል፤ ሰካራም እንኳ አቅጣጫው አይጠፋውም።

«ወደ ዶሮዎቹ!» አለች ዚምኪት፣ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት።

እውነቷን ነው። ላክሚት በመስኮቱ አሻግራ ወደ ታች ነበር የምትረጨው። መስኮቱ ሥር ዶሮዎች ስለሚውሉ፣ ልጆቹ «አያታችን ዶሮ ታሰክራለች» ይሉ ነበር።

«ወደ ታች?» አሉ እማማ።

«ወደ ታች» አለች ኑርኪት።

«ወደ ታች ተራራ የለም እኮ።» እማማ ግራ ገባቸው። ሙን ግራ ሲገባው ማየት ደግሞ ደግ አይደለም።

ዝናቡ ወረደና እንደ ልማዱ በመስኮቱ ገባ። ያ መስኮት! ቤቱ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ እንደ አዲስ ሲሠራ፣ አናጢው በዝናብ በኩል መስኮት አይከፈትም ቢል ላክሚት «እዚህ ጋ ካልተከፈተ እኔ አልገባም» ብላ ድርቅ አለች። ክረምት በመጣ ቁጥር ምንጣፉ ይረጥባል፤ አባቷ መስኮቱን እንደረገሙ ሞቱ። ኑርኪት ልትዘጋው ተነሣች። መዝጊያውን ይዛ እንደቆመች ቀረች።

ከመስኮቱ ሥር ዶሮዎቹ፣ ከዶሮዎቹ ወዲያ ኮረሪማው፣ ከኮረሪማው ወዲያ ወንዙ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ስድሳ ዓመት አልፎት ዛፍ ያልበቀለበት ቀይ ገላጣ ተረተር። እዚያ መንደር ነበር። በናዳው ቀን ከነሰው ከነከብቱ ተቀበረ፤ አንድ ሰው አልተረፈም ይባላል። በየቀኑ የምታየው ነገር ነው፤ አይታው ግን አታውቅም። እናቷ በምትቀመጥበት ተቀመጠችና እጇን እንደ እሷ ዘረጋች። ጣቷ ዶሮዎቹን አልፎ ቀዩ መሬት ላይ አረፈ።

«ከዚያ ናት» አለች። 

«ከዚያማ የተረፈ የለም» አሉ አጎት ሎደን።

«ማን ቆጠራቸው?» አለች ኑርኪት።

 እማማ ቾንግሚት አንገታቸውን ደፉ። «መንገዳቸውን አላውቀውም፣ ልጄ። የሚያውቀው ሙን እዚያው አብሯቸው ተቀብሯል። እውነቱን ልንገርሽ፤ ከእናቴ የተማርኩት አሥራ ሁለት መንገድ ነበር፣ አሁን የቀሩኝ ሦስት ናቸው። የሐይቁም ቢሆን፣ የምሥራቁም ቢሆን አላውቀውም ነበር።»

«ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ለምን ያከራክሩናል?» አሉ አጎት ሎደን።

«ከሦስቱ አንዱ ይሆናል ብዬ ነዋ!»

ኑርኪት ተናደደች። በእማማ ይሁን፣ ስትስቅ ኖራ በሞተችው እናቷ ይሁን አልለየላትም። «እስከ ተረተሩ ድረስ መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ» አለች በንዴት። «እንጨት የምለቅመው እዚያ ነው።»

እማማ ቀና አሉ። «ላክሚት ከእናቷ ደጅ ከደረሰች፣ ተራራውን እናቷ ታሳያታለች። በይ ንገሪያት። እኔ እየተቀበልኩሽ አዜምላታለሁ።»

«እኔ ሙን አይደለሁም!»

«መንገዱን የሚያውቅ ይምራ።»

ኑርኪት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ከቤት ውጪ፣ እማ። በዶሮዎቹ በኩል ውረጂ። የአጎቴን የኮረሪማ ማድረቂያ ራቅ ብለሽ እለፊው፣ ውሻው ይናከሳል።»

«ኧረ አይናከስም!»

«ሎደን፣ ዝም በል!»

«ድልድዩ ላይ ሦስተኛዋ እንጨት ተሰብራለች፣ ተራምደሽ እለፊያት። ከተሻገርሽ በኋላ ሳማ አለ፣ ቀሚስሽን ሰብስቢ። ከትልቁ ድንጋይ ላይ ትንሽ ዕረፊ፣ ጉልበትሽን አውቀዋለሁ።» እማማ እያንዳንዱን ቃል ተቀብለው አዜሙት፤ ሳማውን እንኳ አላስቀሩም። «ቀዩ መሬት ጋ ደረስሽ። ከዚህ በላይ አልሄድኩም።»

«አሁን እናቷን ጥሪያት» አሉ እማማ።

«ማን ብዬ?»



«የላክሚት እናት በያት» አለች ዚምኪት።

«ላክሚት ብላ የሰየመቻት መበለቷ ናት። እናቷ ይህን ስም መች ታውቀዋለች?» ኑርኪት ወደ እማማ ዞረች፤ እሳቸውም የእናቷን ስም አያውቁም። ላክሚት ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ ከደጁ መመለሷ ነው? ኑርኪት ተነሥታ በመስኮቱ ብቅ አለች፤ ዝናቡ ፊቷን መታው፤ የቻለችውን ያህል ጮኸች።

«አንቺ እዚያ ያለሽ! በዝናቡ ጊዜ የጠፋችብሽ ልጅ መጥታለች! ስታያት እንዳትደነግጪ፣ አርጅታለች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጥርሷም አልቋል፣ በዕድሜ አንቺን ትበልጣለች። ግን ያችው ልጅሽ ናት። ክፈቺላት!»