ቀዩ ውሃ

ማሽንህ ምን ነካው ለሚለኝ ሁሉ "መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው ያቃጠለው" እላለሁ። ውሸቴን ነው።

እኔ አቃቂ በሰቃ ቪዲዮ ቤት አለኝ፤ የሰርግ ፊልም እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። ኮምፒውተሬ በውሃ የሚቀዘቅዝ ነበር፤ ፓምፕ ውሃውን በቱቦ እያዞረ የማሽኑን ሙቀት ይወስዳል። ከዱባይ ሲመጣ ውሃው ሰማያዊ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሰማያዊው ሲደበዝዝ ደፋሁትና ንጹህ የባትሪ ውሃ ሞላሁበት። ጥሩ ይሠራ ነበር። ምነው እዚያ ላይ ባቆምኩ!

ፋዘር አልወደደውም። አባቴ አጥናፉ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ክር ሲያቀልም ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። "ምንድነው ይሄ፣ ቀለም የሌለው?" አለኝ። በማግስቱ ከድሮ ጣሳው የክር ቀለም በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። ቀይ። ለማሽን የሚሆነው ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ እኮ! ግን ጡረታ ከወጣ ወዲህ አንድም ሰው ስለ ቀለም ጠይቆት አያውቅም። በማንኪያ ሲበጠብጥ በእርጅና የሚንቀጠቀጠው እጁ ጸጥ አለ። ቀዩ ቱቦው ውስጥ ሲዞር ሲያይ እንደ ልጅ ሳቀ። እንዴት ብዬ እምቢ ልበለው?

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቪዲዮ ቤት ይመጣል። የሚመጣው ለኔ አይደለም፣ ለእማዬ ነው። እህቴ ሩት ስታገባ እማዬ ስትመርቅ ቀርጬያታለሁ። "ወልዳችሁ ሳሙ" ትልና መሃል ላይ አቋርጣ "አንተ አጥናፉ፣ ከረባትህን አቅና እንጂ!" ትለዋለች። ሰዉ ይስቃል። ሰባት ወር ሳይሞላ ሞተች። ፋዘር ያቺን ቦታ ሦስት አራቴ ያስመልሰኛል፣ ከዚያ "በቃ" ብሎ ይሄዳል።

ለሩት በሰጠኋት ዲቪዲ ላይ የከረባቱን ነገር ቆርጬ ዘፈን ደርቤበታለሁ፤ ሥራዬ ነዋ! የካሜራውን ካርድ ለሌላ ሰርግ አጠፋሁት። ድምፅዋ የቀረው ኮምፒውተሬ ላይ ብቻ ነበር። ደንበኛን ሁሉ "ኮፒ ያዙ" እያልኩ የምጨቀጭቅ ሰውዬ፣ ለእናቴ ነገ ነገ ስል ከረምኩ። ደደብ!

በአራተኛው ወር ቀለሙ ዘቀጠ። ዝቃጩ የማቀዝቀዣውን ቀጫጭን መስመሮች ደፈነ፣ ውሃው ጋለ፣ ቱቦው ለስልሶ ከመጋጠሚያው ወለቀ። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ቀዩ ውሃ የእማዬ ድምፅ ባለበት ሃርድ ዲስክ ላይ ፈሰሰና አቃጠለው። ከቃሊቲ እስከ መርካቶ ያላሳየሁት ጠጋኝ የለም። የመጨረሻው "ወንድሜ፣ አትድከም" አለኝ።

እሁድ ፋዘር መጣ። "መብራት ሄዶ ሲመጣ አቃጠለው" አልኩት፣ ዓይኑን ሳላይ። እማዬም አብራ መጥፋቷን ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ የተፈታውን ማሽን አየ። በቀረው ቱቦ ውስጥ ውሃው ከላይ ጠርቷል፣ ቀዩ ከታች ተኝቷል። ሠላሳ ዓመት ቀለም ያየ ሰው ነው። ዝቃጩን በጣቱ ነካ፣ አሸት አሸት አደረገው።

"መብራት ነው ያልከኝ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"እሺ። መብራት ነው።"

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና እንደወትሮው ወንበሩ ላይ፣ ከጠፋው ስክሪን ፊት ተቀመጠ።

"እስቲ አንተ በለው" አለኝ። "ልክ እሷ እንደምትለው።"

መቶ ጊዜ የሰማሁት ነው። "አንተ አጥናፉ፣ ከረባትህን አቅና እንጂ!" አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ።

"እንደሱ አይደለም የምትለው" አለ። ሊያሳየኝ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና "አንተ..." አለ። ደግሞ "አንተ..." አለ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ወደኔ ዞረ።

"ጠፋኝ እኮ፣ ጌዲዮን" አለኝ። "እንዴት ነበር የምትለው?"