በባዶ የተሳበ ቃታ

ዳራ በምትባለው የጠመንጃ ገበያ ከተማ ውስጥ ጠመንጃ ሠሪ እንደ አሸን ነው፤ ሰው ሁሉ ካካ፣ አጎቴ፣ የሚለውን የዛርዋሊን ያህል ጉረኛ ግን አልነበረም። ደንበኛ ሲመጣ ባዶውን ጠመንጃ ያነሳና ቃታውን ይስባል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሃምሳ ጊዜ፣ መቶ ጊዜ።

"ጥይቱን የሚመታው የኔ መርፌ መሰበር አያውቅም። እስኪ ሳበው፣ እጅህ እስኪዝል" ይላል። ገዢው ደግሞ ድምፁን ሰምቶ ነው የሚገዛው። የዚያ ገበያ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ።

ፊት ለፊት የሚሠራው ሚርባዝ ይህን ባየ ቁጥር ይበግናል። "አንተ ሰውዬ፣ የፋብሪካ ብረት መሰለህ እንዴ? ከመኪና ባሌስትራ የሞረድከው መርፌ፣ ጥይት በሌለበት ሲወረወር የሚያርፍበት አጥቶ ይሰነጠቃል። ቢያንስ የተተኮሰ ቀለህ አግባበት።"

"ቅናት ነው የሚያናግርህ። ሂድ ሻይህን ጠጣ" ይለዋል ዛርዋሊ።

ሳርታጅ የተባለው ገበሬ ባለ አንድ አፍ ጠመንጃውን የገዛው በዚህ አኳኋን ነው። በቆሎውን ድብ እየፈጀበት ነበር። በሦስተኛው ወር ወንድሙ ኢንዛር ጠመንጃውን በጋቢው ጠቅልሎ መጣ።

"ካካ፣ ሳርታጅን ትናንት ቀበርነው" አለ፣ ቆሞ። "ድቡ ሲመጣበት ቃታውን ሳበ፣ እምቢ አለው። እንዳለ ነው ያመጣሁልህ። ጠመንጃው ነው ወይስ ጥይቱ? እናቴ ከዚህ ሌላ ጥያቄ የላትም።"

ዛርዋሊ ጠመንጃውን ከፈተው። ጥይቱ እንደገባ ነው፤ ቂጡ ላይ መርፌ የነካበት ምልክት እንኳ የለም። ለኢንዛር ጀርባውን ሰጥቶ መርፌውን ሲያወጣው ጫፉ ረግፎ መዳፉ ላይ ወደቀ። ስብራቱ ግማሹ ዝጓል። ስንጥቁ የቆየ ነው፤ እዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው እያጨበጨበለት የመጣ ስንጥቅ። እውነቱን ቢናገር ሠላሳ ዓመት የሠራበት ስሙ አበቃ፤ ደሙንም ነገ ከሁለት ልጆቹ የሚፈልግ አይጠፋም። ፈራ፣ በጣም ፈራ።

"ጥይቱ ነው" አለ። "እርጥበት ገብቶታል።"

ኢንዛር ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ጥይቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለ። "ክረምቱን የሚያፈስ ጣራ ሥር ነበር ያኖርኩት። አዲስ ልግዛ ሲለኝ፣ ይሄ ምን ሆነና ነው ብዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ፣ ካካ።"

አሁንም ጊዜ ነበረው። አንዲት ቃል ብቻ። ዛርዋሊ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን "የአላህ ውሳኔ ነው፣ ልጄ" የሚል ሆነ። ራሱን ጠላ፣ ቃሉን ግን አልመለሰውም።

ኢንዛር ተነስቶ የሽማግሌውን እጅ ሳመ።

"ሌላ ሠሪ ቢሆን አዝኖልኝ ነገሩን ይደብቀኝ ነበር። እውነቱን ስለነገርከኝ አላህ ይስጥልኝ። በል ልሂድ፣ ልጅሽን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ለእናቴ ልንገራት።"

ዛርዋሊም እስከ መንገዱ ሸኘው።