መልሰህ አስገባት

ልጁ መሊካ ጁምዓ ዕለት ተቀበረች። ዛሬ እሑድ ነው፣ እሑድ የጥየቃ ቀን ነው፣ ዓወልም እንደ ወትሮው ደብረ ብርሃን ወህኒ ቤት በር ላይ ተሰልፏል፣ በአንድ እጁ እህቱ ኡሙሀኒ የፈተፈተችውን ፍትፍት በጨርቅ በታሰረ ሳህን ይዟል፣ ሌላውን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። ልጅ ይታቀፍበት የነበረ እጅ ነው። ኪሱ ከተተው። አወጣው።

ምን ብሎ ይንገራት። ሚስቱ ሰሊሃ ከሽቦው ወዲያ ብቅ ስትል መጀመሪያ የምታየው ፊቱን አይደለም፣ ክንዱን ነው፣ ባለፈው እሑድም ክንዱን ነበር ያየችው፣ የታለች አለችው፣ ብርዱን ፈርቼ አልዩ አምባ ከኡሙሀኒ ጋር ተውኳት አላት፣ ደግ አደረግህ፣ መርፌዋንስ ትወጋለች ወይ፣ አዎ። አዎ አለ! አፉ ከልቡ ቀደመ፣ ወላሂ በል እንኳ አላለችውም፣ አመነችው፣ ባሏ ነው ለምን አታምነው፣ አልሐምዱሊላህ ብላ በሁለት እጇ ፊቷን አበሰች።

ነፋሱ ከጣርማበር በኩል ይመጣል፣ ጆሮ ይቆርጣል፣ ሰልፉ አንድ ሰው ቀነሰ። ከፊቱ ያለችው አልታየች ናት፣ ለታሰረው ባሏ ስንቅ የምታመላልስ፣ ዞር አለች፣ ዓወል ወንድሜ ዛሬስ ምነው ቆሌህ ተገፍፏል፣ መንገዱ ነው አላት፣ መንገዱማ ይገድላል፣ አንኮበር ድረስ ያ ሁሉ ዳገት። አዎ ዳገት ነው። ዳገቱን ልጅ አዝሎ ወጥቶ ያውቃል፣ ልጅ ከብዶት አያውቅም።

ሰሊሃ እዚህ የገባችው በወንድሟ በረሺድ ነው፣ ብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ ሸሸ፣ ቤታቸው ሦስት ቀን አደረ፣ የት እንደሄደ እስክትናገሪ ድረስ ተብላ ታሰረች፣ ጡት የምትጠባ ልጅ ስላላት ልጅቱም ከነጡቷ አብራ ገባች፣ ማን ያውጣት። ክረምቱን ልጅቱ ሳለች። ሳንባዋ ነው ተባለ፣ በየቀኑ መርፌ ይሰጣት፣ እንዳይቋረጥ፣ ወህኒ ቤቱ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ጻፈ፣ ፖሊስ እናትና ልጅን በየጠዋቱ ወስዶ ይመልሳል፣ ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። ዳነች ማለት ይቻላል። ጉንጯ ሞላ። እስረኛው ጓድ መሊካ ይላታል፣ ዘበኛው ጓድ መሊካ ይላታል፣ ቆብ ያደርግላታል፣ እጇን ይዞ እንደ መፈክር ወደፊት ያስብላታል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ሰሊሃ ራሷ ትስቃለች፣ ዓወል ብቻ ከሽቦው ወዲህ ቆሞ ያርራል። የኔ ልጅ የወህኒ ቤት መጫወቻ።

ዒድ ደረሰ። ልጄን ስጪኝ፣ የኔ ልጅ ዒድን እዚህ አታሳልፍም። ተዋት፣ መርፌዋን ትጨርስ። ውጭም መርፌ አለ። ዒድ ይመለሳል ዓወል፣ ዒድ የትም አይሄድ። ስጪኝ አልኩሽ። ሰጠችው። ሲወጣ ልጅቱ በትከሻው ላይ ዞራ ለዘበኛው እጇን አወዛወዘች፣ እሱ ደግሞ ነጻ አወጣኋት ብሎ ደረቱን ነፋ፣ ያ ደረት፣ አሁን ቢከፍቱት ምን ይገኝበታል።

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ ክፉ አልነበረም። መነጽሩን አወለቀ፣ ደብዳቤውን አነበበለት፣ እስረኛዋና አብራት የምትገኘው ሕፃን በነጻ እንዲታከሙ ይላል፣ አሁን አብራት አይደለችማ። ልጅቱ ያችው ናት ጌታዬ፣ ትናንት እዚሁ ተወግታለች። ትናንት እስረኛ ነበረች። እና ምን ላድርግ። ከገበሬ ማኅበራችሁ የነጻ ሕክምና ወረቀት አምጣ፣ ከፍለህ አትዘልቀውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወይም መልሰህ አስገባት፣ ስማኝ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ መልሰህ አስገባት።

መልሰህ አስገባት። ለአባት ይህን ይሉታል! እስከዚህ አጥር መታጠፊያ ድረስ ግን መጥቶ ነበር፣ ልጅቱን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመ፣ በሩ ይታያል፣ ዘበኛው አስር አለቃ ወልደአረጋይ ይታያል፣ የሚለው አንድ ቃል ነበር፣ ልጄን እሰሩልኝ። ከአፉ አልወጣለት አለ። ዘበኛው እንደሚስቅበት ታየው፣ ምነው ጓዲት ናፈቀን እንዴ እንደሚለው። ዞሮ ወደ አልዩ አምባ ወረደ።

እዚያም የገበሬ ማኅበሩ ማኅተም ከሊቀመንበሩ ኪስ ነው፣ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ነው፣ ጸሐፊው ደግሞ መዝገብ ገልጦ እናትየዋ ስትታሰር ልጅቱም አብራ ከቤተሰቡ ተሰርዛለች አለው፣ እንደገና በጉባኤ ካልጸደቀች ወረቀት አንጽፍም። ከወህኒ ቤት ወጥታለች፣ ማኅበር አልገባችም፣ የትም የለችም፣ እቅፉ ውስጥ ግን አለች፣ ትስላለች፣ ትተኩሳለች። ጉባኤው ይደርሳል ብሎ ጠበቀ። ሰሊሃን ሲያያት አዎ አላት። ያን ጊዜ እንኳ አልተወጋችም ቢላት ኖሮ አምጣት ትለው ነበር፣ ሽቦውን ነቅንቃ አምጣት ትለው ነበር፣ ያን ጊዜ ገና ትስቅ ነበር ልጅቱ።

ቀጥይ! ወልደአረጋይ ነው፣ አልታየች ሳህኗን ከፈተች፣ ያመጣ ሰው ካልቀመሰ ስንቅ አይገባም፣ ፊትሽ ጠቁሯል መርዙ አንቺን ጀመረሽ መሰለኝ ይላታል፣ አንተን ባቀምስህማ ኖሮ ባዶ ሳህን ነበር የሚገባው ትለዋለች፣ ሰልፉ ሳቀ። አሁን እሱ ነው። ዓወል! ጓድ መሊካስ፣ ዛሬም ስብሰባ ቀረች፣ ኧረ ስትመጣ ግለ ሂስ ታደርጋታለች። ሰውየው የምሩን ጥርሱን ከፍቶ ይጠብቃል። ናፍቃዋለች። እሰሩልኝ ቢለው ኖሮ አይስቅም ነበር፣ አሁን ገባው፣ እልል ብሎ ነበር በሩን የሚከፍት።

ቅመስ በላ።

ጎረሰ። ከጁምዓ ወዲህ እህል ቀምሶ አያውቅም፣ ጉርሻው ምላሱ ላይ ቁጭ አለ። ዋጥ እንጂ፣ ምን ሆንክ፣ ካልዋጥክ አላስገባም፣ ደንብ ነው። የወልደአረጋይ ጥርስ ቀስ ብሎ ተከደነ። ቢተፋውስ። ቢተፋው ስንቁ ይመለሳል፣ እሱም ይመለሳል፣ ሰሊሃ ሳትጠራ ትውላለች፣ እስከ መጪው እሑድ ልጅ ይኖራታል፣ አንድ ሳምንት፣ አንድ ሳምንት ማን ይጠላል፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብላ መሊካ ዛሬ ተወጋች እያለች። እያለች። እሱ በሰጣት አዎ።

ዓወል፣ አለ ወልደአረጋይ፣ በሌላ ድምፅ፣ ልጅቱ ደህና ናት?

ዋጠ። ሳህኑን አቀበለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየው፣ ለእናቷ ነው መጀመሪያ የምነግር አስር አለቃ፣ አለ። ሰሊሃን ጥሩልኝ።