የተውፊቅ ብረታ ብረት

ተውፊቅ የሥራ ፈላጊዎች ቢሮውን መስታወት የሰበረው በግንባሩ ነው። በእጁ ሰብሮት ቢሆን ወረፋ የያዘው ሰው "ተናዶ ነው" ብሎ ያልፈው ነበር። በግንባሩ ሲሆን ጊዜ ግን ሁሉም ባንድ አፍ "ያ ረቢ!" አለ። መስታወቱ ረግፎ የጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ፤ እሷም ወንበሯን ይዛ ወደ ግድግዳው ሸሸች። ደሙ ባፍንጫው ግራና ቀኝ እየወረደ በቀዳዳው አንገቱን አስገባና፣

"አሁንስ ይሰማል እህቴ? አሁንስ እሰማለሁ ወይ?" አላት።

ደግ አላደረገም። ግን ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ በትሕትና እንደጠየቀ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ለሥራ አጥ የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ ለማግኘት ከክረምት ጀምሮ ተመላልሷል። አንዴ "ኔትወርክ የለም" ይሉታል። ሌላ ጊዜ "የመኖሪያ ማስረጃህ ጊዜው አልፎበታል" ይሉታል። ቢሮው "ቀጠሮ በኢንተርኔት ያዝ" ሲለው ኢንተርኔቱ "ቢሮ ሂድ" ይለዋል። ይህን ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ቻለ። ዛሬ ግን ጸሐፊዋ ስክሪኑን አየት አደረገችና ሳቅ ብላ፣

"አንተ እኮ ነጋዴ ነህ! በስምህ የንግድ ፈቃድ አለ፣ ብረታ ብረት። ባለ ንብረት ሆነህ ከድሃ ጉሮሮ ልትነጥቅ መጣህ? አታፍርም?" አለችው።

"እህቴ፣ እሱ በስም ብቻ ነው፤ እኔ እኮ..."

"ቀጣይ!"

ይቺ "ቀጣይ" ናት ግንባሩን ያስነሳችው።

ሁለት ዘበኞች በኮሌታው ጎትተው ወደ ጓሮ አወጡትና ደረጃው ላይ ጣሉት። አንደኛው በጫማው ጎኑን ሲለው ትንፋሹ ተቆረጠ። ደግሞ ሊለው እግሩን ሲያነሳ ሁለተኛው፣ የተውፊቅ የሰፈር ልጅ ነውና፣ ያዘው።

"ይበቃዋል! ልጁ ታማበታለች።" ወደ ተውፊቅም ዞር ብሎ "ፖሊስ ሳይመጣ ጥፋ ከዚህ። ለሪታጅ ስል ነው፤ አንተስ እስር ቤት ብትበሰብስ ግድም የለኝ" አለው።

ሪታጅ የተውፊቅ ልጅ ናት። የሚጥል በሽታ አለባት። ሲነሳባት ወለሉ ላይ ትወድቅና ትንፈራገጣለች፣ ምላሷን ትነክሳለች፤ እናትና አባቷ ደሟን እየጠረጉ አብረው ያለቅሳሉ። መድኃኒቱ ካለ አይነሳባትም። መድኃኒቱ ደግሞ የሚገኘው በጤና መድን ካርድ ነው፣ ካርዱም የሚመጣው ከድጎማው ጋር ነው። ተውፊቅ በገበያ ሸክም ወገቡን እስኪያጣ ሠርቷል፤ የገበያ ሸክም ግን ካርድ አያሰጥም። በዚያ ላይ ከረመዳን በኋላ አርባ ዓመት ይሞላዋል፣ አርባ የሞላውን ደግሞ ለድጎማ አይመዘግቡትም። በሩ ዓይኑ እያየ እየተዘጋ ነበር።

የንግድ ፈቃዱ ነገር እንዲህ ነው። አናባ ከተማ ውስጥ ሰው ስሙን ለዘመዱ ማዋስን መሰላል ከማዋስ ለይቶ አይቆጥረውም። አጎቱ ቡጀማዓ፣ የእናቱ ታናሽ ወንድም፣ በደረቅ ቼክ ታስሮ ሲወጣ በስሙ መነገድ ተከለከለ። የተውፊቅ እናት ዘሊኻ መጥታ የልጇ እግር ላይ ወደቀች። "የእናት ወንድም አባት ነው፤ ስምህ ምን ይጎድልብሃል? ደግሞ ለዓመት ብቻ ነው" አለችው። ተውፊቅ ፈረመ። ቡጀማዓም ለሠርጉ ሙክት በግ ላከለት፤ ሰውም በላ፣ መረቀ፣ ተረሳ። ዓመቱ ግን አላለቀም። ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛውና የሚሸጠው ቡጀማዓ፣ መኪና የሚቀያይረው ቡጀማዓ፣ በሩ ላይ ባረንጓዴ ቀለም የተጻፈው ስም ግን "የተውፊቅ ብረታ ብረት"። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ሪታጅ ፊደል የቆጠረች ሰሞን በዚያ ሲያልፉ ጮክ ብላ አንብባው፣ "አባ፣ ይሄ ሁሉ ያንተ ነው?" ብላ ጠይቃዋለች። ምን ይበላት? ጣፋጭ ገዝቶ ዝም አሰኛት።

አሁን በዚያ ጽሑፍ ሥር አለፈ፣ ግንባሩን በሸሚዙ እጅጌ ጠፍሮ። ቡጀማዓ ከተፈታ መኪና ላይ በተነቀለ ወንበር ተቀምጦ፣ የሽንብራ ሾርባውን በዳቦ እየጠረገ ይበላል። ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ የበሬ። ከጎኑ ውሻው ታስሯል።

"እሰይ! የግቢው ጌታ መጣ!" አለ አፉን ሞልቶ። "ምነው፣ ሚስትህ ደበደበችህ እንዴ?"

"ኻሊ፣ አጎቴ፣ ተነስ። አሁን አብረን እንሂድና ፈቃዱ ይሰረዝ።"

"ብላ መጀመሪያ።"

"አልበላም። ድጎማውን ከለከሉኝ፤ ነጋዴ ነህ አሉኝ። ልጄ መድኃኒት የላትም ኻሊ።"

ቡጀማዓ ሳህኑን አስቀምጦ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ይሰረዝ ብትል ግብር ክፈል ይሉሃል። ማን ሊከፍል? እኔ? ፈቃዱ ያንተ፣ ግብሩ ያንተ! ደግሞ ይሄ ግቢ ቢዘጋ እኔ ምን እበላለሁ?"

"ልጄስ ምን ትሁን?"

"በድጎማ ልትፈወስ ነው? ተወኝ እስቲ። ያቺ ልጅህ እኮ መድኃኒት ሳይሆን ሼኽ ነው የሚያስፈልጋት፤ ጂኒ ነው የሚያንፈራግጣት። ከናንተ ቤት የወጣ ነገር መች ጤና ኖሮት ያውቃል!"

እዚህ ላይ የተውፊቅ ዓይን ደም ለበሰ። ከብረቱ ክምር አንድ የጭስ ማውጫ ቱቦ መዘዘና የሽንብራውን ሳህን፣ ወንበሩን፣ የቡጀማዓን ጉልበት አንድ ላይ መታ። ቡጀማዓ እንደ በሬ አጓራ፤ ግን አልወደቀም። ተንደርድሮ በትከሻው ደረቱን ሲገጨው ሁለቱም ዝገቱ ላይ ተንከባለሉ። ሽማግሌው ይከብዳል። የተውፊቅን ፊት አሮጌ ባትሪ ላይ ደፍቆ፣ "አሳዳጊ የበደለህ! በኔ በግ አግብተህ በኔ ላይ እጅህን ታነሳለህ!" እያለ ያሸው ጀመር። አሲዱ የተሰነጠቀ ግንባሩ ውስጥ ሲገባ ተውፊቅ የሚያየው ነገር ሁሉ ነጭ ሆነበት። አንገቱን አዙሮ ያገኘውን ነከሰ፤ ያገኘው የአጎቱን አውራ ጣት ነበር። ጥርሱ አጥንት እስኪነካ ድረስ አልለቀቀም።

ቡጀማዓ እጁን ሲያስለቅቅ ተውፊቅ በጉልበቱ ተነሳ። ቱቦውን በሁለት እጁ አነሳ። አጎቱ ፊቱን ሊከልል ክንዱን ዘረጋ፣ ቱቦውም ክንዱ ላይ አረፈ፤ ክንዱ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ሁለቱም ሰሙት።

እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። ሚዛኑን ሰባበረ፤ የጭነት መኪናውን መስታወት አንድ በአንድ አወረደ። "የኔ ነው አይደል? የኔ አይደል ወይ? ያሻኝን ላድርገው!" እያለ ያለቅሳል። አጎቱ ላይ ቱቦውን እንደገና ባነሳ ጊዜ ግን የሰውዬው ዓይን ውስጥ የእናቱን ዓይን አየ፤ ቁርጥ የእህቱን ነው። ቱቦውን ጣለው። ጎረቤት የጠራቸው ፖሊሶች የደረሱት ይኼኔ ነው።

ቡጀማዓ ሲያያቸው ማቃሰቱን አቆመ። የክፉ ሰው ጭንቅላት አጥንቱ ተሰብሮም ይሠራል።

"ጌቶቼ፣ አድኑኝ! እኔ እዚህ ቀን ሠራተኛ ነኝ። ግቢው የሱ ነው፤ በሩን አንብቡት። ደሞዜን ስጠኝ ብለው እንዲህ አደረገኝ፣ ገና ለገና አጎቱ ነኝ ብዬ ብደፍረው!"

ፖሊሱ ወደ በሩ ቀና ብሎ አነበበ። ከዚያም ለተውፊቅ በዕድሜው ሰምቶት በማያውቀው አክብሮት፣ "ባለ ድርጅቱ እርስዎ ነዎት? እጅዎን ይስጡ" አለው። ተውፊቅ ሁለቱንም እጁን ሰጠ።

ጣቢያ ውስጥ አጎትና የእህት ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፣ አንዱ ክንዱ ታስሮ፣ አንዱ በካቴና። ኢንስፔክተሩ ወረቀት እስኪያመጣ ቡጀማዓ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

"ስማኝ ልጄ። ባለቤቱ እኔ ነኝ በል፣ በንዴት ነው በል። እኔም ምሬዋለሁ እላለሁ፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። የልጅትዋን መድኃኒት እስክሞት እኔ እገዛለሁ።"

ተውፊቅ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። እናቱን "ለዓመት ብቻ ነው" ያስባላት ድምፅ ነው።

ይኼን ጊዜ በሩ ተበርግዶ፣ ጎረቤት የነገራት ዘሊኻ ገባች፣ ሻሿ ተገልብጦ፣ ባንድ እግሯ ነጠላ ጫማ። ሌላኛው እጇ ላይ ነው። ማንም ሳይዛት ወንድሟን በዚያው ጫማ አፉን፣ ጆሮውን፣ መላጣውን ትለው ጀመር።

"እግሩ ላይ የወደቅኩልህ ለዚህ ነው? ልጄን ጌታ አደረግኸው? ጌታዬ ኢንስፔክተር፣ ልጄ ሥራ ፈት ነው! በአላህ እምላለሁ፣ ከተወለደ የረባ ሥራ ኖሮት አያውቅም! ሰፈሩን ሁሉ ጠይቁ፤ ከልጄ የባሰ ሥራ አጥ አናባ ውስጥ የለም!"

ፖሊሶቹ ሳቁ። እሷ ግን እንደ ሹመት ነበር የምትናገረው። ኢንስፔክተሩ ጫማዋን ቀምቶ አስቀመጣትና ወደ ተውፊቅ ዞረ። ሽበታም፣ የደከመው ሰው ነው።

"ነገሩ ገብቶኛል። ግን ደህና አድርገው ያስቡ። ባለ ድርጅት ነኝ ካሉ የቤተሰብ ጠብ ነው፤ ይታረቃሉ፣ ይሄዳሉ። ስሜን አከራይቼ ነው ካሉ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ግን እሱ ራሱ ወንጀል ነው። የክንዱም አይቀርም። ሁለታችሁንም አስገባለሁ።"

"በል እንጂ!" አለ ቡጀማዓ በሹክሹክታ፤ ከንፈሩ ከጫማው ምት የተነሳ አብጧል። "ልጅህን አስብ እንጂ!"

ተውፊቅ ልጁን አሰበ። ወለሉ ላይ አሰባት። ፈቃዱ እስካልተሰረዘ ድረስ የአጎቱን እጅ ስታይ ትኖራለች፤ እሱም አርባ ይሞላዋል፣ የድጎማው ነገርም ያከትማል።

"ስም?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ተውፊቅ።"

"ሥራ?"

"ሥራ አጥ።"

ቡጀማዓ ተሳደበ። ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አንስቶ፣ "እርግጠኛ ነህ? እዚህ ከተጻፈ ወዲያ መመለስ የለም" አለው።

"ጻፈው። ስሜን አዋስኩ፣ የሱንም ክንድ ሰበርኩ፤ ሁሉንም ጻፍ። መጀመሪያ ግን ሥራ አጥ የሚለውን ጻፍልኝ።"

ሰውዬው ጻፈ። ተውፊቅ አንገቱን አስግጎ፣ ያበጠ ዓይኑን አጥብቦ አነበበው። መንግሥት ስለ እሱ እውነት ሲጽፍ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

"ማኅተም አድርግበትና አንድ ቅጂ ለእናቴ ስጣት" አለ። "ሚስቴ ነገ ጠዋት ቢሮ ሄዳ፣ መስታወቱ ለተሰበረባት ሴትዮ አሳይታ የልጄን ካርድ ትጠይቃለች። ስለ መስታወቱም ይቅርታ ብሏል ትበላት።"

ኢንስፔክተሩ ሊስቅ አለና የተውፊቅን ፊት ሲያይ ተወው። መሳቢያውን ከፍቶ ማኅተሙን አወጣና መታው። ዘሊኻ ቅጂውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ማንበብ ስለማትችል ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው። ልጇን ወደ ውስጥ ሲወስዱት እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነበር።