ማሽን ምሳ አይበላም

ከባድ መኪኖቹ በሌላ መስመር መሄድ ከጀመሩ ወዲህ አዋሽ ሰባት ኪሎ ጭር አለች። እኛም ብልጥ ነን ባዮቹ እጃችንን ሰበሰብን። ኡምሰልማ ለምግብ ቤቷ የምትወስደውን ዳቦ ቀነሰች፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤት እኔ ከድሩ ደግሞ ሠራተኞቼን አሰናበትኩ፤ እነሱም ኡምሰልማ ቤት ምሳ መብላት ተዉ። በመጨረሻ እሷም ቤቱን ዘግታ ወደ ኮምቦልቻ ልትመለስ ቆረጠች። የወጣትነት ዕድሜዋን የጨረሰችበት ቤት ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ሰበሰበንና፣ ገቢ ስለቀነሰ ከመናኸሪያው እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሊቆፈር የታሰበው የጎርፍ መውረጃ ለከርሞ ይተላለፍ አለ። አጨበጨብን። መንግሥትም እንደኛ ይቆጥብ እንጂ።

የፕላን ባለሙያዋ አስካለማርያም ብቻ እምቢ አለች። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ኬንሳዊ የሚሉትን ኢኮኖሚክስ ነው፤ ሰው ሁሉ ፈርቶ መግዛት ሲያቆም መንግሥት ገንዘብ ማውጣት አለበት፣ የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ ነውና፣ ይላል። በዚህ ነገር ስታደርቀን ከርማለች። ሰመራ ድረስ ሄዳ፣ ከቢሮ ቢሮ ተንከራትታ በጀቱን አስፈቅዳ መጣች። ከዚያ አልፈው ቁፋሮውን ቶሎ የሚጨርስ ኤክስካቫተር እንላክልሽ ቢሏት፣ አይሆንም ብላ መለሰች።

"ምን ነካሽ?" አልኳት ተናድጄ።

"ማሽን ኡምሰልማ ቤት ምሳ አይበላም፣ ጋሽ ከድሩ" አለችኝ።

ሰኞ ዶማና አካፋ የያዘ ሰው መንገዱን ሞላው፤ እኔ ያሰናበትኳቸውም አሉበት። ክፍያው እንደ መንግሥት ልማድ በወር መጨረሻ ይሁን ሲሏት፣ በየሳምንቱ ካልሆነ ብላ ተሟገተች። እንዳለችውም ቅዳሜ ቀትር ላይ ተከፈላቸው።

ያው ዕለት ኡምሰልማ ወደ ኮምቦልቻ ልትሄድ ጓዟን በር ላይ ደርድራ መኪና ስትጠብቅ፣ ቆፋሪዎቹ አቧራቸውን እያራገፉ መጡና የሚበላ ነገር አለ ወይ አሏት። ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ ብረት ድስቱን ከጓዙ መካከል ጎትታ አወጣች። ዳቦ ላክ ብላ ስትደውልልኝ ያለኝን ሁሉ ተሸክሜ ራሴ ሄድኩ።

አስካለማርያም የደረሰችው ቤቱ ጢም ካለ በኋላ ነው። ያቺን ነዝናዛ ያን ዕለት አከበርኳት፤ ተማረ ማለት እንዲህ ነው አልኩ። መቀመጫ አጥታ በሩ ላይ ስትቆም፣ ኡምሰልማ የተጠቀለለውን ፍራሽ ወደ ግድግዳው አስጠጋችላት።

"ወንበር አልቋል፣ እህቴ፤ እዚህ ላይ ተቀመጪ" አለቻት። "አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ጓዝ ለመፍታት ጊዜ የለኝም።"